ሞላሌ ያሳደረን ኮምፒውተር

ጥር ላይ ሞላሌ ካደሩ መኪናዎን ፊቷን ወደ ምሥራቅ አዙረው ያቁሙ። የጠዋት ፀሐይ የፊት መስታወቱን ቀድማ እንድታገኘው ነው። ምክሩ የእኔ አይደለም፤ ያሳደሩን እትዬ ናቸው የነገሩኝ። እኔ ግን የሰማኋቸው ዘግይቼ ነው።

ጉዞው በ2011 ዓ.ም. ነበር። የእናቴ ታላቅ እህት ሙት ዓመት እሑድ ሞላሌ ላይ ስለነበር እናቴን፣ ባለቤቴንና ሁለት ልጆቼን ጭኜ ዓርብ ጠዋት ከአዲስ አበባ ወጣሁ። መኪናዬ ሃያ ዓመት የሞላት የጃፓን ሥሪት ናት። ከወር ወዲህ አንዳንድ ጠዋት ለመነሣት ታስቸግራለች፤ እኔም ጥፋቱን በካንዴላ አሳብቤ፣ ካንዴላ ቀይሬ፣ ጨረስኩ ብያለሁ።

መንገዱን ለማያውቁት ልንገርዎ። ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ነዳጅዎን እዚያ ይሙሉ። ከዚያ ወደ ጣርማ በር ይወጣሉ። ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን ፈልፍሎ የሠራው ዋሻ ጋ ሳይደርሱ ወደ ግራ የሚታጠፈው የመንዝ መንገድ ነው። ዋሻው ውስጥ ከገቡ አልፈውታል፤ ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና እየወረዱ ነው ማለት ነው። ከመነሣትዎ በፊት ደግሞ የአካባቢውን ሁኔታ ነዋሪ ደውለው ይጠይቁ።

ከታጠፉ በኋላ አገሩ ይለወጣል። ዛፍ ይሳሳል፣ ሰማይ ይሰፋል። የድንጋይ ካብ፣ የገብስ ማሳ፣ ጸጉራቸው የበዛ የመንዝ በጎች፣ ከሁሉም በላይ ነፋስ። በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ወደ 70 በመቶ ይወርዳል። ካርቡራተር ያላት የድሮ መኪና ይህን አታውቅም፤ ቆላ ላይ የተስተካከለላትን ያህል ቤንዚን እያፈሰሰች ጥቁር ጭስ ትተፋለች። ኮምፒውተር ያላት ግን አየሩን በሴንሰር ለክታ ቤንዚኑን ራሷ ትቀንሳለች። ዳገቱን ያለ ጭስ ስትወጣልኝ ኮርቼባት ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ግን እምቢ አለች። ሌሊቱን አመዳይ ወርዷል። የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ወጥቶ ገፋት፣ ወይ ፍንክች። እኩለ ቀን ላይ ደግሞ እንዲሁ ልሞክር ብዬ ቁልፉን ሳዞር ምንም እንዳልሆነ ተነሣች። እኔም «ብርድ ነው» ብዬ ተውኩት። እሑድ ሙት ዓመቱ ዋለ። ሰኞ ጠዋት ልንመለስ ዕቃ ከጫንን በኋላ ያው ሆነች። እናቴ የደም ግፊት መድኃኒቷን የያዘችው እስከ ሰኞ ድረስ ነው።

አይሱዙና ሞተር ሳይክል የሚጠግን ወጣት ተጠርቶ መጣ። ሞተሩን ሳይሆን ዳሽቦርዱን ነው ያየው።

«ጋሼ፣ ቁልፉን ወደ ‹ኦን› ብቻ ያዙሩት። የቼክ ኢንጂን መብራት በራ?»

አልበራም።

ይህን ይያዙልኝ። ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉ ‹ኦን› ላይ ሲሆን ያ ቢጫ መብራት መብራት አለበት። ካልበራ አምፖሉ ተቃጥሏል፣ ወይም ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ አልደረሰም፣ ወይም ኮምፒውተሩ ራሱ ታሟል። ልጁ ባትሪውን ለካ፣ ፊውዝ አየ፣ ሪሌውን ፈተሸ፣ ማሳው የታሰረበትን ቡሎን ፈትቶ ዝገቱን ፋቀ። ብዙ መካኒክ ይህን ዘልሎ በቀጥታ «ኮምፒውተር ነው» ይላል፤ ባለመኪናውም በአንዲት ርካሽ ፊውዝ ፈንታ ብዙ ሺህ ይከፍላል። ሁሉም ደህና ሲሆን ነው ከዳሽቦርዱ ሥር ሳጥኑን አውጥቶ ክዳኑን የከፈተው። የዓሣ ሽታ ሸተተን።

ሽታው የካፓሲተር ፈሳሽ ነው። ካፓሲተር የምትባለው ትንሽ ጣሳ መሳይ ነገር በውስጧ ፈሳሽ አላት። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በተሠሩ የጃፓን መኪኖች ላይ ይህች ጣሳ ስታረጅ ፈሳሹ እየወጣ የሰሌዳውን መዳብ ይበላል። የደከመች ካፓሲተር ደግሞ ብርድ ላይ አቅሟ ይብስ ይወርዳል፤ ሲሞቃት ጥቂት ታገግማለች። የእኔዋ ጠዋት ሞታ እኩለ ቀን የምትነሣው ለዚህ ነበር። መንዝ አልገደላትም፤ አጋለጣት እንጂ።

እትዬ ቆመው ሲሰሙ ነበር። «ታዲያ በርዷት ከሆነ ለምን አታሞቋትም?» አሉና በሃይላንድ ሙቅ ውኃ ሞልተው፣ ከሳጥኑ ጋር በባና ጠቅልለው አስቀመጡት። ባና ምን እንደሆነ ካላወቁ፣ ከመንዝ በግ ጸጉር የሚሠራ ወፍራም የብርድ ልብስ ነው፤ አንዴ ከለበሱት የከተማውን ብርድ ልብስ ይንቃሉ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሳጥኑን መልሰን ቁልፉን ሳዞር መብራቱ በራ፣ ሞተሩም ተነሣ። ልጆቼ አጨበጨቡ። እኔም ልወጣ ተቻኮልኩ።

መካኒኩ በሩን ይዞ ቆመ። «ጣርማ በር ጉም ውስጥ ብትጠፋብዎስ? እማማንና ልጆቹን ይዘው?»

አጠፋሁት።

የሳጥኑን ቁጥር ፎቶ አንሥቼ አዲስ አበባ ለወንድሜ ላክሁለት። ሶማሌ ተራ የመጀመሪያው ሻጭ መጨረሻው የተለየ ቁጥር ያለው አውጥቶ «አንድ ናቸው» ብሎታል። አንድ አይደሉም። የማኑዋሉና የአውቶማቲኩ ሳጥን ከውጭ መንትያ ይመስላሉ፣ ውስጣቸው ግን ሌላ ነው። ቁጥሩ እስከ መጨረሻዋ ፊደል ካልገጠመ አይግዙ። ከእኔዋ አዲስ የሆነች፣ ቁልፏ ላይ ቺፕ ያለባት መኪና ካለዎት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፦ ሳጥኑ የሚያውቀው የራሱን ቁልፍ ብቻ ስለሆነ ከነቁልፉ መግዛት ወይም ፕሮግራም ማስደረግ ግድ ነው።

አዲስ መኪና ይህ አይገጥማትም ብለው አይናቁኝ። ቶዮታ በ2010 እ.ኤ.አ. አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ከ2005 እስከ 2008 ሞዴል የሆኑ 1.1 ሚሊዮን ያህል ኮሮላና ማትሪክስ መኪኖችን ለእርማት ጠርቷል፤ ምክንያቱ በዚሁ ኮምፒውተር ሰሌዳ ላይ ሊፈጠር የሚችል ስንጥቅ ነበር። እኛ አገር ደግሞ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ታግዷል። ያለችዎትን አሮጌ መኪና አብረዋት ብዙ ዓመት ሊኖሩ ነውና አእምሮዋ የት እንዳለ ቢያውቁ አይከፋም።

ማክሰኞ ጠዋት እናቴ የምትውጠው አልነበራትም። ትራሷን ከፍ አድርገን አስተኛናት፤ እትዬ ጨው የሌለው የገብስ ገንፎ አገነፉላት። ልጆቼ ከእረኞች ጋር በግ ሲያባርሩ ዋሉ። ጓሳን፣ ጭላዳውንና ቀይ ቀበሮውን ልናሳያቸው አስበን ነበር፤ ለሌላ ጊዜ ቀረ። ከሰዓት በኋላ አውቶቡሱ መጣ። ረዳቱ አንድ ፌስታል አቀበለኝ፦ ከሥር ኮምፒውተሩ፣ ከላይ የእናቴ መድኃኒት።

ገጠማው ሩብ ሰዓት አልፈጀም። በቅድሚያ የባትሪው ኔጋቲቭ ይነቀላል፣ ከዚያ ሶኬቶቹ፣ ከዚያ ቡሎኖቹ። መብራቱ በራ፣ ሞተሩ ሲነሣ ጠፋ። እንሂድ ስል እናቴ ከአልጋው ሆና፣ «መሽቷል፤ ረቡዕ ጠዋት ይሻላል» አለች። ገና ዘጠኝ ሰዓት ነበር።

ረቡዕ ሲነጋ አመዳዩ መስታወቱን ነጭ አድርጎታል። እትዬ ሙቅ ውኃ በሃይላንድ ሞልተው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው መኪናዋ አጠገብ ቆመዋል። ቁልፉን ሳዞር በመጀመሪያው ተነሣች። እናቴ ሃይላንዱን በመስኮት ተቀብላ እግሯ ሥር አደረገችው።