ሥራ ፈላጊዋ እህቴ፣ የላይብረሪ ካርድ አለሽ?



ዛሬ የማወራው ልጅ ስታሳድጊ ወይም ወረቀት ስትጠብቂ ዓመታት ላለፉሽና አሁን «እኔን ማን ይቀጥረኛል?» ለምትይው እህቴ ነው። የምኖረው አሜሪካ ስለሆነ የምነግርሽም የዚህን አገር ነው።

ከአገር ቤት በነርስነት ዲግሪ ይዤ ነው የመጣሁት። እዚህ ግን ዲግሪው ብቻውን አያሠራም። ትምህርትሽ ይገመገማል፣ ኤንክሌክስ የሚባለውን ፈተና ታልፊያለሽ፣ ከዚያ ነው ፈቃድ የሚሰጥሽ። ሁሉም ገንዘብና ጊዜ ይፈልጋል። የቤት ኪራዩን ባለቤቴ ብቻውን ይከፍል ነበር፤ ልጄ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ቤታችን ኮምፒውተር የለም።

አልሐምዱሊላህ፣ አላህ ሰበብ ያደረገልኝ የሰፈራችንን ላይብረሪ ነው። መታወቂያና አድራሻሽን የሚያሳይ ወረቀት ይዘሽ ስትሄጂ ካርዱ ለአካባቢው ነዋሪ በነጻ ነው። ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ትጠቀሚያለሽ። ብዙ ላይብረሪዎች ደግሞ ቤትሽ ሆነሽ በካርድ ቁጥርሽ የምትገቢባቸውን አገልግሎቶች ይከፍሉልሻል፦ ሊንክድኢን ለርኒንግ ላይ ኮርስ ትወስጃለሽ፣ ብሬይንፊውዝ ጆብናው ላይ ሬዙሜሽን ባለሙያ ያይልሻል። የኤንክሌክስ መለማመጃ መጽሐፍ የተዋስኩት ከዚያው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አባቷ ልጃችንን የተረት ሰዓት ያስገባታል፣ እኔ ጥግ ይዤ አጠናለሁ።

ዌብሳይቱ ላይ ብቻ ግን አትቅሪ፤ ላይብረሪያኗን ጠይቂያት። እኔን ያስጨነቀኝ ሬዙሜዬ ላይ ያለው ክፍተት ነበር። እሷ «በእነዚህ ዓመታት ምን ስትሠሪ ነበር?» አለችኝ። መስጊድ ውስጥ ለእናቶች ደም ግፊት እለካለሁ፣ ሐኪም ቤት አብሬ ሄጄ አስተረጉማለሁ አልኳት። «ይኸው፣ ጻፊው» አለችኝ። ውሸት የለበትም፤ እንደ ሥራ ቆጥሬው ስለማላውቅ ነው እንጂ።

ካሪርዋንስቶፕ የሚባለውን የሠራተኛ ሚኒስቴሩን ድረ ገጽም ክፈቺ። የሰፈርሽን ዚፕ ኮድ ስታስገቢ ቅርብሽ ያለውን አሜሪካን ጆብ ሴንተር ያሳይሻል፤ እርዳታው በነጻ ነው። ሥራ ልስጥሽ ብሎ አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅሽን ግን ሽሺው፤ አጭበርባሪ ነው።

አሁን ወደ ሒጃቡ ልምጣ። አንዲት ወዳጄ «ለኢንተርቪው ቀን ብቻ አውልቂው» ብላኝ ነበር። አስባልኝ ነውና አልተቆጣኋትም። ሕጉን ግን አነበብኩ። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ በሃይማኖትሽ ምክንያት እንዳይከለክልሽ ያዛል። በ2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሒጃብ በመልበሷ ሥራ በተነፈገችው በሳማንታ ኢላውፍ ጉዳይ 8 ለ 1 በሆነ ድምፅ ለእሷ የሚደግፍ ውሳኔ ሰጥቷል። ሕግ ስላለ ብቻ ሰው ሁሉ ፍትሐዊ ይሆናል ማለት አይደለም። ቢሆንም መብቷን አውቃ የምትቀርብ ሴት አንገቷን አትደፋም።

ኢንተርቪዬ በቪዲዮ ነበር። ላይብረሪው ውስጥ የጥናት ክፍል በነጻ ያዝኩ፣ ሒጃቤን አስተካክዬ ተቀመጥኩ። የጠየቁኝ ስለ ታካሚ ነው፤ ስለ ሻርፔ ማንም አላነሳም። ሲያልቅ በሩን ዘግቼ ዙህርን እዚያው ሰገድኩ። የመልሱ ስልክ የተደወለው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

እህቴ፣ ሪዝቅ ከአላህ ነው፤ ተወኩል ማለት ግን እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። በዚህ ሳምንት ካርዱን አውጪ። ልጆችሽንም ይዘሻቸው ሂጂ፣ ለእነሱም ካርድ አለ። አላህ ሐላሉን ያግራልሽ፣ አሚን።