ዓሣውን የጠበቀ ሰው

ግዕዝ ዐቀበና ጸንሐ ብሎ በሁለት ግሥ የሚለየውን ነገር አማርኛ ጠበቀ ብሎ በአንድ ቃል ይሸከመዋል። ዘበኛ ቤቱን ጠበቀ ይባላል፤ እናት የልጇን መምጣት ጠበቀች ይባላል። የመጀመሪያው ትጋትን ይፈልጋል፥ ሁለተኛው ትዕግሥትን። በጀርመን አገር በሐምቡርግ ከተማ የሚኖር አንድ ሰዓት ሠሪ የፊተኛውን በቤቱ ተማረ፤ የኋለኛውን ግን ለመማር ባሕር መሻገር ግድ ሆነበት።

ይህ ሰው ሚስቱ ከሞተችበት ጊዜ ጀምሮ በቤቱ የመስተዋት ገንዳ አቁሞ ዓሣ ያኖር ነበር። ከዓሦቹም ሁሉ አብልጦ የሚወደው ፕሌኮ ከሚባለው ወገን አንዱን ነው። ፕሌኮ የአምባዛ ዘመድ ነው፤ ነገር ግን ገላው በአጥንት ሰሌዳ የተሸፈነ ስለ ሆነ ሊቃውንት የወገኑን ስም በላቲን ቋንቋ ጥሩር ማለት ከሆነው ቃል አወጡለት። አፉ ወደ ታች የዞረ ነውና ድንጋዩን ስቦ ይይዛል፤ ጎርፍም ቢመጣ ተጣብቆ ይኖራል። ከዚህ ወገን ገና ስም ያልወጣላቸው ብዙዎች ወደ ኤውሮጳ በመጡ ጊዜ፥ በ1988 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው) አንድ የጀርመን የዓሣ መጽሔት ኤል ከሚለው ፊደል ጋራ ቍጥር ይሰጣቸው ጀመር። ሰዓት ሠሪው የሚወደው 46ኛው ነበረ። ቁመቱ ከ8 ሳንቲም ሜትር ብዙ አይበልጥም፤ ገላውም እንደ ሜዳ አህያ በነጭና በጥቁር መስመር ተሸልሟል። በ1991 ዓ.ም. ኢስብሩከርና ናይሰን የተባሉ ሁለት የሆላንድ ሊቃውንት ስሙን በመጽሐፍ አጸኑለት።

እግዚአብሔር ለዚህ ዓሣ በምድር ሁሉ ላይ አንድ ቤት ብቻ ሰጠው። እርሱም በብራዚል አገር በፓራ ግዛት፥ ወደ አማዞን የሚፈስሰው የሺንጉ ወንዝ ከአልታሚራ ከተማ በታች የሚጠመዘዝበት፥ የአገሩ ሰዎች ቮልታ ግራንዴ፥ ማለት ታላቁ ጥምዝ፥ የሚሉት ስፍራ ነው። በዚያ ባለው ድንጋይ ስንጥቅ ቀን ተሸሽጎ ይውላል፥ ሌሊት ወጥቶ ይመገባል። ነጋድያን በብዙ ስለ አጠመዱት በ2004 ዓ.ም. የብራዚል መንግሥት ማጥመዱን ከለከለ።

ሰዓት ሠሪው በ2012 ዓ.ም. አምስቱን በውድ ዋጋ ገዛ። የሸጠለትም ሰው፥ «በመስተዋት የተወለዱ ናቸው፤ ከወንዝ አልመጡም» ብሎ ማለለት። ሰዓት ሠሪው ደስ ብሎት ውኃውን አሞቀ፥ ወንዙን ያስታውሳቸው ዘንድ ብርቱ ሞገድ አደረገላቸው፥ ከሸክላም ዋሻ ሠራላቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ እንስቲቱ ከዋሻዎቹ በአንዱ 11 እንቍላል ጣለች፤ ጥላም ሄደች። ወንዱ ግን በዋሻው አፍ ቀረ። ምግብ ትቶ፥ በክንፉ ውኃ እያራገበ፥ ጫጩቶቹ እስኪወጡ ድረስ፥ ከወጡም በኋላ ራሳቸውን እስኪችሉ ድረስ፥ እንደ ባሕታዊ ከበዓቱ አልወጣም። ሰዓት ሠሪው ሌሊት ሌሊት በደብዛዛ መብራት ይህን ሲያይ፥ «እኔም እንደ እርሱ ጠባቂ ነኝ» እያለ በልቡ ይመካ ነበር።

ይህ ትምክሕቱ የዓሣውን አገር ለማየት አስመኘው። ገንዘብ አጠራቅሞ በ2018 ዓ.ም. በበጋ ወራት አልታሚራ ደረሰ። ነገር ግን ያገኘው ወንዝ በመጽሐፍ ያነበበውን አልነበረም። ከጥምዙ በላይ የቤሎ ሞንቴ ግድብ ቆሟል። ሥራው በ2011 ዓ.ም. ተጀምሮ የመጨረሻው መዘውር በ2019 ዓ.ም. ሲተከል ኃይሉ ከ11,000 ሜጋ ዋት በላይ ሆኗል። ይህን ብርሃን የሚንቅ ቢኖር በኵራዝ ጢስ ዳዊት ያልደገመ ሰው ነው። ቢሆንም መዘውሩን ለማዞር የወንዙ ውኃ፥ እንደ ወራቱ እስከ 80 ከመቶ ድረስ፥ በሌላ ቦይ ተመልሶ ይሄዳል፤ ለታላቁ ጥምዝ የሚቀረው ትራፊው ነው። በዳሩ የሚኖሩ ጁሩና የሚባሉት የአገሩ ተወላጆች ቀድሞ በጎርፍ ወራት ውኃ ውስጥ የሚወድቀው የዛፍ ፍሬ ዛሬ በደረቅ መሬት እንደሚወድቅ፥ ፍሬውን ይበሉ የነበሩ ዓሦችም እንደሚከሱ ይናገራሉ።

አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ በታንኳ ወሰደው። ሰዓት ሠሪው የመስተዋት መነጽር በፊቱ አድርጎ ከድንጋዮቹ መካከል ጠለቀ። ድንጋዩ ሁሉ ደለል ለብሶ ነበር። ብዙ ከደከመ በኋላ በአንድ ስንጥቅ መብራት ቢያበራ፥ ሁለት ነጭ መስመር አየ። ዓሣው አልሸሸም፤ ድንጋዩን ጠበቅ አድርጎ ይዞ ወደ ብርሃኑ ተመለከተ። ሰዓት ሠሪው ከውኃው ሲወጣ ያለቅስ ነበር ይባላል፤ ነገር ግን እንባና ወንዝ አይለይም።

ከዚያ በኋላ በታንኳው ተቀምጠው ስለ ቤቱ ዓሦች ለሽማግሌው ነገረው። ሽማግሌውም፥ «ጌታዬ፥ በገዟቸው ጊዜ ምን ያህሉ ነበሩ?» አለው። ሰዓት ሠሪው በጣቱ ለክቶ አሳየው። ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብሎ፥ «ይህ ዓሣ አስተዳደጉ ዝግ ያለ ነው። ይህን ያህል እስኪሆን ዓመታት ያልፋሉ። ለመሸጥ የሚያረባ ሰው ሕፃን ሳለ ይሸጠዋል እንጂ ይህን ሁሉ ዘመን አይቀልበውም» አለ። ቀጥሎም፥ «እኔም ቀድሞ ሌሊት የአየር ቱቦ በአፌ ይዤ እየጠለቅሁ አወጣቸው ነበር፤ ከተከለከለ በኋላም የሚያወጡ አሉ። ምናልባት የእርስዎን ከዚሁ ድንጋይ ያወጣቸው የማውቀው ሰው ይሆናል» አለ። ሰዓት ሠሪው መልስ አልሰጠም። ምሕላውን ያመነው እውነት መስሎት ነውን፥ ወይስ ዓሣውን ስለ ወደደ? ይህን ጥያቄ ይዞ ወደ አገሩ ተመለሰ።

ዓሦቹን ወደ ወንዛቸው ሊመልሳቸው አልቻለም፤ በመስተዋት የኖረ ዓሣ የሌላ ውኃ በሽታ ይዞ ገብቶ የቀሩትን ሊያጠፋ ይችላልና። ስለዚህ አንድ መዝገብ አበጀ። በመጀመሪያው ገጽ፥ «አባቶቻቸው ከሺንጉ ወንዝ የተሰረቁ ናቸው፤ የገዛሁም እኔ ነኝ» ብሎ ጻፈ። የሚወለዱትን ግልገሎች አይሸጥም፤ ሊያረቡ ለሚችሉ ሰዎች በነፃ ይሰጣል፥ የመዝገቡንም ግልባጭ አብሮ ይሰጣል። ብዙ ሰዎች የመጀመሪያውን ገጽ አንብበው ያፍሩለታል፤ እርሱ ግን ገጹን አልቀደደውም። በ2022 ዓ.ም. መንግሥታት በፓናማ ተሰብስበው የዓሣውን ንግድ በዓለም አቀፍ ውል ሥር ባደረጉ ጊዜ ይህንኑ ከመዝገቡ ጨመረ።

አዳም በገነት የተሾመው ሊያበጃትና ሊጠብቃት እንጂ ከውስጧ የወደደውን ቆርጦ በቤቱ ሊያኖር አይደለም። በመስተዋት ውስጥ ዓሣው ዘሩን ሊያተርፍ ይችላል፤ ወንዝ ግን በመስተዋት አይተርፍም። ሰዓት ሠሪው ይህን ካወቀ ወዲህ ጠባቂ ነኝ ማለትን ትቷል። ውኃውን ያሞቃል፥ ዋሻውን ያጠራል፥ ወንዱ በእንቍላሉ ላይ ሲያራግብ ሌሊት ተቀምጦ ያያል። ሰዎች ምን ትሠራለህ ብለው ሲጠይቁት፥ «ውኃው ወደ ጥምዙ እስኪመለስ እጠብቃለሁ» ይላል።