«ታዲያ ምን ትችያለሽ?»

ከአራታችን አንዷ የእስቴዋ መካነ ኢየሱስ ልጅ ናት። ባሕር ዳር ዶርም የገባን ቀን «ከመካነ ኢየሱስ ነው የመጣሁት» ስትል፣ ከላይኛው አልጋ አንዷ ብድግ ብላ «ውይ፣ አንቺም ጌታን ተቀብለሻል?» አለቻት። ለላይኛዋ መካነ ኢየሱስ ማለት በ1951 ዓ.ም. የተመሠረተችው ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ናት። ለታችኛዋ ደግሞ የጉና ብርድ የማይለቃት፣ ድንችና ገብስ የሚሸጥባት፣ ቄሱም ታቦቱም የኦርቶዶክስ የሆነ የትውልድ ከተማዋ። ሳምንቱን ሙሉ ሳቅንበት። ጓደኝነታችንም የተጀመረው በዚሁ ስህተት ነው።

እናላችሁ፣ ያቺ የላይኛው አልጋ ልጅ ከሁለት ወር በፊት ለወንጌል አገልግሎት ባሕር ማዶ ሄደች። አገሩን አንጠራም፤ እሷም በስልክ አትጠራውም። የመጀመሪያው የድምፅ መልእክቷ ሲመጣ ሦስታችንም አንድ ስልክ ላይ ተደፋን። ስለ ምግቡ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ሰዉ አለባበስ ታወራናለች ብለን ጠብቀን ነበር። እሷ ግን የጀመረችው «የእማማን ቤት ታስታውሳላችሁ?» ብላ ነው።

እንዴት እንረሳለን! ሦስተኛ ዓመት ሆነን፣ መንገዱ ገና ሰላም ሳለ፣ ለእረፍት አራታችንም ወደ መካነ ኢየሱስ ተነሣን። ደብረ ታቦር ስንደርስ «ጋፋትን ሳላይ አላልፍም» ብላ ድርቅ አለች። ጋፋት የሚሲዮን ታሪክ ስላለበት ነው። ሳሙኤል ጎባት የተባለ ስዊዘርላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1830 የአማርኛ ወንጌል ይዞ ጎንደር ገብቶ ነበር። (ወንጌሉን የተረጎሙት ጎጃሜው አባ አብርሃም መሆናቸውን ስንነግራት «ታዲያ ማን ለማን ነው ያመጣው?» ብላ ሳቀች።) ይኼው ጎባት ኋላ በኢየሩሳሌም ጳጳስ ሆኖ፣ ባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶችን ወደ አፄ ቴዎድሮስ ላከ። ማርቲን ፍላድም ቴዎፍሎስ ዋልድማየርም ሲመጡ እንደኛው በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነበሩ።

ንጉሡ ግን ሰባኪ አልቸገራቸውም። የፈለጉት ባለሙያ ነው። ስብከቱም ለቤተ እስራኤል ብቻ፣ ያመነውም በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን እንዲጠመቅ ተብሎ ተፈቀደ። ከዚያ መድፍ ሥሩ መጣ። «አናውቅበትም» ቢሉ ማን ሰምቷቸው! ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ከጋፋት ወጣ፤ አምሳያውን አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ሁላችንም እናየዋለን። እ.ኤ.አ. በ1867 መጨረሻ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ ወራት ፈጅቶ፣ በሰው ጉልበት መቅደላ ድረስ ተጎተተ። ለወንጌል መጥቶ መድፍ ማቅለጥ! የኛዋ ሜዳው ላይ ቆማ ዝም ብላ ቆየች።

እስቴ የደረስነው መሽቶ ነው። እማማ፣ የጓደኛችን አያት፣ እግራችሁን ካላጠብኩ ብለው ተቀበሉን። የቄስ ልጅ ናቸው። በኩራዙ ብርሃን አንድ በአንድ ሲያዩን ቆዩና ዓይናቸው እሷ አንገት ላይ ቀረ።

«ማተብሽስ የት አለ ልጄ?»

እሷ አፏን ሳትከፍት ሦስታችን በአንድ ድምፅ «መንገድ ላይ ተበጠሰባት እማማ!» አልን። ያን ሌሊት ማንም በደንብ አልተኛም።

ጠዋት ብቻዋን ወደ ማድቤት ገባች። እኛ ከበሩ ኋላ ተለጥፈን ሰማን። «እማማ፣ ማተቤ አልተበጠሰም። አላስርም። እምነቴ ሌላ ነው።» እማማ እሳቱን እፍ አሉ፤ ደግመው እፍ አሉ። ዕቃችንን ልንሸክፍ ምንም አልቀረንም ነበር።

«ታዲያ ምን ትችያለሽ?» አሉ በመጨረሻ።

«ጸጉር እሠራለሁ።»

ረፋዱ ላይ የመንደሩ ሴት ልጅ ሁሉ ግቢው ውስጥ ተሰልፎ ነበር። ሦስት ቀን ሹሩባ ስትሠራ ዋለች። እርግጥ እማማ እሷ የጠጣችበትን ስኒ ለብቻ እያጠቡ ለብቻ ሲያስቀምጡ አይተናል። ለሷ አልነገርናትም።

አሁን ወደ መልእክቷ እንመለስ። «ቤት ያከራየችኝ ሴትዮ መጀመሪያ ምን እንደጠየቀችኝ ገምቱ። ምን ትችያለሽ! ጋዜጠኛ ነኝ አይባል፣ እዚህ እሱ ከሰባኪም የባሰ ነው። ቪዛዬ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነው የሚለው። የልጆቿን ጸጉር ሠራሁላቸው፣ ወደዱኝ። ራት ያበሉኛል። ግን ያን ማታ እናንተ ለእማማ የዋሻችሁትን እኔ እዚህ በየቀኑ እዋሻለሁ። ማተቤ ተበጠሰ እያልኩ።» ከዚያ የመኪና ጥሩንባ፣ የልጆች ጫጫታ፣ በቃ።

ተጨቃጨቅን። አንዷ «የጋፋቶቹስ በሙያ ስም አይደል የገቡት?» አለች። ሌላዋ «ቴዎድሮስ እኮ ማን መሆናቸውን ያውቁ ነበር፤ ያቺ ሴትዮ ግን አታውቅም» ብላ ዘጋቻት። እኛ ወደዚህኛው እናዘነብላለን። ግን ደግሞ ብትናገር ምን እንደሚደርስባት፣ ሴትዮዋስ ምን እንደሚደርስባት፣ አዲስ አበባ ካፌ ተቀምጦ መፍረድ ቀላል ነው። የመጀመሪያውን ውሸት የዋሸንላት እኛ ነን። ይኸው ሦስተኛ ቀናችን፣ መልስ አልላክንም።

ትናንት ኔትወርክ ሲገኝ እማማ ደወሉ።

«ያቺ ጸጉር ሠሪዋ ልጅ ደኅና ገባች?»

«ደኅና ገባች እማማ።»

«ማን ቤት አረፈች?»

«አንዲት ሴትዮ ቤት።»

ትንሽ ዝም አሉ። «ነገረቻት?»

«አይሰማም እማማ፣ ይቆራረጣል» ብለን ዘጋነው። ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር።