ዕድሜው ባልተረጋገጠ ልጅ ላይ የሚወሰን የዕድሜ ልክ እስራት

በ1996 ዓ.ም የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ልጆችን በዕድሜ በሦስት ይከፍላል። ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ሕፃን በወንጀል አይጠየቅም፤ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው፣ ሕጉ «ወጣት ጥፋተኛ» የሚለው፣ የቱንም ያህል ከባድ ወንጀል ቢፈጽም የአዋቂ ቅጣት አይወሰንበትም፤ የመጨረሻው እርምጃ ከ10 ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ በጠባይ ማረሚያ ተቋም ወይም ከአዋቂዎች ተለይቶ በእስር መቆየት ነው። ከ15 ዓመት በላይ ሆኖ 18 ያልሞላው ግን በመደበኛው ሕግ ይዳኛል። ሞት አይፈረድበትም፣ የዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ግን አልተከለከለም። አንቀጽ 56 ዳኛው ቅጣቱን እንዲያቀል ወይም ለወጣት ጥፋተኞች የተደነገገውን ልዩ ቅጣት እንዲወስን ይፈቅድለታል እንጂ ስለማያስገድደው፣ በከባድ የሰው ግድያ የተከሰሰ የ16 ዓመት ልጅ ዕጣ በአንድ ችሎት ሚዛን ላይ ያርፋል። ይህ በር በሕግ ሊዘጋ ይገባዋል።

ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 10/1984 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን ከ18 ዓመት በታች በተፈጸመ ወንጀል የመለቀቅ ተስፋ የሌለው የዕድሜ ልክ እስራት እንዳይፈረድ ይከለክላል። በኢትዮጵያ ሕግ የዕድሜ ልክ ፍርደኛ 20 ዓመት ከታሰረ በኋላ በአመክሮ፣ ማለትም በመልካም ጠባዩ ተመዝኖ በገደብ፣ ሊፈታ ስለሚችል የኮንቬንሽኑ ቃል በቀጥታ ተጥሷል ማለት አይቻልም። ይሁንና ተስፋ አለ መባሉ ብቻውን አያጽናናም፤ ለ16 ዓመት ልጅ 20 ዓመት እስከዚያች ቀን ከኖረው ሕይወት ይረዝማልና።

ነገሩ በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባሉት የደቡብ ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች ሲታይ ደግሞ ከቅጣቱ በፊት የሚመጣ ጥያቄ አለ፤ እርሱም የልጁ ዕድሜ ስንት ነው የሚለው ነው። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 የተደነገገው የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም ማብቂያ ላይ በመሆኑ፣ ዛሬ ከ15 እስከ 18 ዓመት ባለው ክልል የሚገኙት ልጆች ሁሉ የተወለዱት ከዚያ በፊት ነው። በፋርጣ ወይም በላይ ጋይንት ገጠር ያለች እናት ልጇን የወለደችበትን ጊዜ ስትጠየቅ የምትቆጥረው በበዓልና በወቅት ነው፤ ከቡሄ በፊት፣ ገብስ ሲታጨድ፣ ታላቁ ጡት በጣለ በዓመቱ። ካህኑ በ40 ቀኑ ክርስትና ያነሡት መሆኑን ቢመሰክሩም ዓመተ ምሕረቱን የያዘ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ፍርድ ቤቱ ልጁን ወደ ሆስፒታል ልኮ የእጅ አንጓው ራጅ ሲነሣም፣ ሐኪሙ የሚሰጠው የአጥንት ዕድገት ግምት አንድ ሁለት ዓመት ወዲህ ወይም ወዲያ ሊል የሚችል ነው። 15 ዓመት ከመሙላቱ በፊት ያጠፋ ልጅ ከ10 ዓመት በላይ አይታሰርም፣ ጥቂት ወራት ያለፈው ግን ዕድሜውን በሙሉ ሊታሰር ይችላል፤ እንዲህ ያለ ልዩነት በራጅ ግምት ላይ ሊቆም አይገባውም።

ሁለተኛው ጉዳይ የደም ነገር ነው። ደም መመለስ ባልጠፋባቸው አካባቢዎች አባቱ የተገደለበት ወንድ ልጅ የሚያድገው የገዳዩን ስም እየሰማ ነው፤ በለቅሶ ላይ ሙሾው፣ በሠርግ ላይ ፉከራው «ደም መላሽ» መሆኑን ያስታውሰዋል፣ ጠመንጃውንም የሚያቀብለው ብዙ ጊዜ አጎት ወይም ታላቅ ወንድም ነው። ሕጉ አነሣሹንም ይቀጣል፤ ነገር ግን ማነሣሣቱ የሚፈጸመው በእሳት ዳር በቃል ስለሆነ ምስክር አይገኝለትም፣ ስለዚህ ቤተሰቡ ለዓመታት ያሳደገው ቂም በሙሉ ቃታውን በሳበው ልጅ ላይ ብቻ ይወድቃል። ይህ ልጁን ከጥፋተኝነት ነፃ አያወጣውም፤ የ16 ዓመት ልጅ ሰው መግደል ነውር መሆኑን ያውቃል። ከዕድሜ ልክ እስራት ሊያድነው የሚገባው አለማወቁ አይደለም፤ አድገው ልብ የገዙት ዘመዶቹ ያልተቋቋሙትን ግፊት ገና ያልጠና ልጅ ይቋቋማል ተብሎ የማይጠበቅ መሆኑ ነው።

ለተለየ አያያዝ የሚሆን ቦታም በአቅራቢያ የለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ወጣት ጥፋተኞች ከአዋቂዎች ተለይተው እንዲያዙ ቢያዝዝም፣ ለረጅም ዘመን በአገሪቱ ብቸኛ ሆኖ የኖረው የልጆች የጠባይ ማረሚያ ተቋም የሚገኘው ከደብረ ታቦር ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በአዲስ አበባ ነው።

የ10 ዓመቱ ጣሪያ ለ16 ዓመት ልጅም ቢሠራ፣ ልጃቸው የተገደለባቸው ወላጆች ገዳዩ በ26 ዓመቱ ተፈትቶ በገበያ ሲያልፍ ማየታቸው ከባድ ነው፤ ይህን ቅሬታ እንደ ኋላቀርነት መቁጠር ግፍ ይሆናል። ሆኖም በእነዚህ ወረዳዎች ደምን የሚያደርቀው የእስራቱ ርዝመት እንዳልሆነ ሽማግሌዎች ያውቃሉ፤ እርቅ ካልወረደ 20 ዓመት ታስሮ የወጣውንም ሰው የሟች ወገን ይጠብቀዋል፣ እርሱ ሳይወጣ በፊትም ወንድሙን ሊገድልበት ይችላል። ለአመክሮ ከሚጠየቁት ነገሮች አንዱ ፍርደኛው እንደ አቅሙ ተበዳዩን መካሱ ወይም ከእርሱ ጋር መስማማቱ በመሆኑ፣ ልጁ ታስሮ ሳለ የገዳይ ወገን ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ የሚለምንበትና ካሣ የሚቆረጥበት ሽምግልና በሕጉ ውስጥም ቦታ አለው። የሟች ወገን ገና በሐዘን ሳለ የሚጀመር እርቅ አይጸናምና፣ ለወጣት ጥፋተኞች የተደነገገው የ10 ዓመት ጣሪያ ለዚህ ሥራ በቂ ጊዜ ይሰጣል።