ሐምራዊ ቀሚስ የለበሰችው ሚዜ

በሰርጌ አልበም 14ኛ ገጽ ላይ ሐምራዊ ቀሚስ የለበሰች፣ ጸጉሯን ወደ ላይ የተሠራች ቆንጆ ልጅ አለች። አበባ ታቅፋ ትስቃለች። ማን እንደሆነች እስከ ዛሬ አላውቅም። የእኔ ቤተሰብ ለዓመታት «የሙሽራው ወገን ትሆናለች» ሲል፣ የባለቤቴ ቤተሰብ ደግሞ «የሙሽሪት ጓደኛ ናት» እያለ ሲያልፋት ኖሯል። የእኔ ሚዜዎች የለበሱት ወርቃማ ነበር።

የተጋባነው እሑድ ጥር 15 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው፤ ጥምቀት ባለፈ በአራተኛው ቀን። የአዲስ አበባን ጥር የሚያውቅ ያውቀዋል። ጾሙ ሳይገባ ሁሉም ልጁን ሊድር ይሽቀዳደማል፤ ድንኳኑ በተራ፣ አዳራሹ በተራ፣ መኪናው በተራ ነው። ፎቶ አንሺማ ከሁሉም ይብሳል። እኛም ፒያሳ አካባቢ አንድ ፎቶ ቤት ገብተን ባለቤቱ የዘረጋልንን አልበም አየን። ሙሽሮቹ ሁሉ ያበራሉ። እዚያው ቀብድ ከፈልን። በየገጹ ያሉት ሙሽሮች የተለያዩ መሆናቸውን ልብ አላልንም። ከሃያ ሰርግ ሃያ ጥሩ ፎቶ መልቀም ለማንም አይከብድም፤ ሰው የሚለየው ከአንድ ሰርግ ሃያ አውጣ ሲባል ነው። ይህ የገባኝ ከተዳርኩ በኋላ ነው።

በሰርጉ ጠዋት የመጣው ባለቤቱ አልነበረም። በዚያች እሑድ ሦስት ሰርግ ተቀብሎ ኖሮ፣ ወደ እኛ የላከው ገና ጢም ያላወጣ ልጅ ነው። ልጁን አልወቅሰውም፤ ላብ በላብ ሆኖ ሲሮጥ ነው የዋለው። ማን እንደሚያነሣን ያልጠየቅነው እኛ ነን። ውል ተብሎ በእጃችን የነበረውም የቀብድ ደረሰኝ ብቻ ነበር።

ጉዱ የጀመረው ጉልበት ስንስም ነው። ሙሽራው ከነሚዜዎቹ በር ላይ በዘፈን ተሟግቶ ከገባ በኋላ፣ ድንኳኑ ውስጥ በተቀመጡት አባቴና እናቴ ፊት ተንበረከክን። አባቴ የድሮ ወታደር ነው፤ በሰው ፊት ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር። ያን ዕለት ድምፁ እየተቆራረጠ መረቀን። ቀና ስል ፎቶ አንሺው ከኋላዬ ቆሟል። ከኋላዬ! ለራሱም ገብቶታል መሰል ዞሮ መጣና «አባባ፣ አንዴ እንደገና ይሁንልኝ። ሙሽሮች፣ ድገሙት» አለ። አባዬ ዓይኑን በነጠላው ጫፍ ጠረገና «ልጄ፣ ምርቃት አይደገምም» ብሎ ተነሣ። ከዚያች ደቂቃ የቀረልን የቬሎዬ ጀርባና የባለቤቴ የጫማ ሶል ነው። ሶሉ ላይ የዋጋው ወረቀት እንደተለጠፈ ነበር።

ከዚያ ወደ ግዮን ሆቴል ግቢ ሄድን፤ ያኔ የሙሽራ መሄጃ እዚያ ነበር። በየዛፉ ሥር አንድ ቬሎ፣ ከየቬሎው ፊት አንድ ቪዲዮ ቀራጭ። ሰዓቱ ስድስት ተኩል፣ ፀሐይዋ አናት ላይ። ለፎቶ ከዚህ የከፋ ሰዓት እንደሌለ ማን ነግሮን? ብርሃኑ ከላይ ሲወርድ ዓይን ጉድጓድ ይሆናል፣ አፍንጫም ከንፈር ላይ ጥላውን ይጥላል። በዚያ ላይ ካሜራ ነጭ ቬሎ ሲበዛበት ብርሃን የበዛ እየመሰለው ፎቶውን ያጨልመዋል፤ የሚያነሣው ሰው ካላረመው ጠይም ፊት አብሮ ይጨልማል። አማቴ አልበሙን ሲያዩ መጀመሪያ ያሉት «ልጄን ምነው አከሰሉብኝ?» ነበር። እኛ እዚያ አንድ ሰዓት ተኩል ስንገተር፣ አዳራሽ ውስጥ የተጠራው ሰው በባዶ ሆዱ ይጠብቀናል። ሐምራዊዋ ልጅ ወደ አልበማችን የገባችውም በዚያ ግርግር መሆን አለበት፤ ከአጠገባችን የነበሩት ሰርገኞች የእኛ መስለውት።

ከስምንት ዓመት በኋላ ታናሽ እህቴ ልትዳር ስትል «ፎቶ አንሺውን እኔ ነኝ የምመርጠው» አልኩ። ማንም አልተከራከረኝም። ቀኑ ሚያዝያ 27 ቀን 2011 ዓ.ም. ተቆረጠ፤ ፋሲካ አልፎ፣ እንደ እናቴ አነጋገር «ሰርግ የማይደገስበት ግንቦት» ሳይገባ።

አምስት ፎቶ ቤት ዞርኩ። በሁሉም ያቀረብኩት ጥያቄ አንድ ነው፤ «የአንድ ሰርግ ፎቶ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ያለውን፣ ሳትመርጡ አሳዩኝ።» ሦስቱ የደንበኛ ምስጢር ነው አሉኝ። አራተኛው ስለ ድሮኑ አጫወተኝ። አምስተኛዋ ግን ከደንበኞቿ የተፈቀደላትን አንድ ሰርግ ላፕቶፗ ላይ ከፈተችልኝ። ብዥ ያሉትም፣ ዓይን የተጨፈነባቸውም አሉበት። እኔ የፈለግሁት ድንኳን ውስጥ የተነሡትን ነበር። ሸራው ቢጫ ሲሆን ሰውን የጉበት በሽተኛ ያስመስለዋል፣ ሰማያዊ ሲሆን ደግሞ ሬሳ። የእሷ ሰዎች የሰው መልክ አላቸው።

ከዚያ በተራዋ ጠየቀችኝ። «እህቴ፣ አባታችሁ ሲመርቁ ያለቅሳሉ? ፊታቸውንስ ወደ የት ያዞራሉ?» እኔ ራሴ እዚያው ማልቀስ ቃጣኝ። ወደ ግራ፣ ነጠላው ወዳለበት፣ አልኳት።

ውሉ ላይ የምታነሣው ራሷ መሆኗ፣ እያንዳንዱ ፎቶ ሁለት ሚሞሪ ካርድ ላይ እንደሚቀመጥ፣ ዋናው ፋይል ለእኛ እንደሚሰጥና መቼ እንደሚደርስ ተጻፈ። ከሰርጉ ሁለት ቀን በፊት ቤት መጥታ ድንኳኑ ነጭ እንዲሆን፣ የወላጆቻችን ወንበር ፊቱን ወደ መግቢያው እንዲያዞር አስደረገች። ሽማግሌዎቹን በስም የሚያውቅ አንድ የአጎታችን ልጅም አብሯት እንዲውል ተመደበ። ጠብ የነበረው ሰዓቱ ላይ ነው። የመስኩ ፎቶ ከምሳ በኋላ፣ ብርሃኑ ጋደም ሲል፣ አሥር ሰዓት ተኩል ይሁን አለች። የወንዱ ወገን «ሙሽራ ከፎቶ በፊት ይበላል እንዴ?» ብሎ ሁለት ቀን ተሟገተ። ያስታረቀን ምሳው ነው፤ እንግዳው በሰዓቱ መብላቱ ሲነገራቸው ዝም አሉ።

አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን ዝናብ ወረደ። መስክ ላይ ሊነሣ ከታሰበው ግማሹ እንኳ አልተነሣም፤ ባሉትም ላይ ጃንጥላ አለ። ግን ጠዋት፣ እህቴ ስትንበረከክ፣ ፎቶ አንሺዋ ከአባዬ ወንበር በስተግራ ቁጢጥ ብላ ነበር። ድገሙት አላለችም። ፎቶው ላይ የአባዬ አንድ እጅ እህቴ ራስ ላይ ነው፣ ሌላው ነጠላውን ይፈልጋል። እናቴ ልጇን ትታ እሱን ታየዋለች። ያቺን አስተያየት ያየነው ፎቶው ከታተመ በኋላ ነው። አባዬ ራሱ ሳሎን ሰቀለው።

የእኔ አልበም ቁምሳጥን ውስጥ ነው፣ ከነሐምራዊዋ ልጅ። እህቴ፣ ጥር 15 ቀን 2003 ዓ.ም. ግዮን ግቢ ሐምራዊ ለብሰሽ ሚዜ የነበርሽ ከሆነ፣ ፎቶሽ እኛ ጋ አለ። የማታውቂያት ወርቃማ የለበሰች ሚዜም በእናንተ አልበም ውስጥ ካለች የእኔ ናት፤ ይዘሽልኝ ነይና እንለዋወጥ።