የጊታራችን ገላ

ጊታር ገዝቶ መጫወትና ጊታር አሠርቶ መጫወት ለየቅል ናቸው። የሚገዛ ሰው ቀለሙን አይቶ በዋጋው ይከራከራል፤ የሚያሠራ ግን ከሁሉ አስቀድሞ እንጨት መምረጥ አለበት። እኛም አምስት ሆነን ገንዘብ አዋጥተን ኤሌክትሪክ ጊታር ለማሠራት ከተነሣን ወዲህ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ በመኝታ ክፍላችን ስለ እንጨት እንጂ ስለ ፈተና ያወራ የለም።

ሁለታችን «ማሆጋኒ ካልሆነ ይቅር» ባዮች ነን፤ በ1952 እ.ኤ.አ. የወጣው የጊብሰን «ሌስ ፖል» ገላው ማሆጋኒ፣ ፊቱ ሜፕል ነበርና። ሁለታችን ደግሞ ፌንደር ከ1956 አጋማሽ ወዲህ ለስትራቶካስተር በብዛት የተጠቀመበትን አልደር እንላለን። አምስተኛው ቀለሙ ቀይ ይሁንለት እንጂ ስለ ሌላው ግድ የለውም። የሆነ ሆኖ ሁለቱም እንጨቶች በእኛ ኪስ የሚታሰቡ አይደሉም።

ክርክሩን ያበረደው የመሣሪያው አሠራር ነው። ክራር ሲመታ የክሩን ንዝረት ተቀብሎ የሚያጎላው ቆዳ የለበሰው ሣጥኑ ነው። በኤሌክትሪክ ጊታር ግን ከክሮቹ ሥር ቀጭን የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ማግኔት አለ፤ የብረቱ ክር በተንቀጠቀጠ ቁጥር በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ወደ ድምፅ ማጉያው የሚሄደውም ይኸው ነው። እንጨቱ ድርሻ ቢኖረው በክሩ በኩል ዞሮ ነው፤ ድርሻው ምን ያህል እንደ ሆነ ግን ዛሬም ያከራክራል። ራሱ ሌስ ፖል የተባለው ጊታር መቺ በ1940 እ.ኤ.አ. ገደማ ክሩን የወጠረው በአራት ማዕዘን የቤት መሥሪያ እንጨት ላይ ነበር፤ ኋላ ጊታር እንዲመስል ብሎ ከሌላ ጊታር የተቆረጡ ክንፎች ለጠፈበት። (ለካስ ጆሮም ዓይን አለው!)

እንግዲህ የሚበጀን በደንብ የደረቀ፣ የማይጣመም፣ ብሎን የሚይዝ፣ ትከሻ የማይቆርጥ እንጨት ነው። ባሕር ዛፍ ርካሽ ነው፤ ሲደርቅ ግን ይጠማዘዛል፤ ይሰነጠቃል። ወይራ ጠንካራ ነው፤ ይሁንና አንድ ዘፈን ሳያልቅ ተጫዋቹን ያጎብጠዋል። ዋንዛ ግን ቀላል ነው፤ ለመላግም ይመቻል፤ ከበሮም ይፈለፈልበታል። ነገር ግን በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከከለከላቸው አገር በቀል ዛፎች አንዱ ዋንዛ ነበር። ለማታ ጨዋታችን ስንል ዛፍ ማስቆረጡ ለማናችንም አልጣመንም።

በዚህ ላይ ሳለን አንዱ ጓደኛችን ከአያቱ ቤት መፍረስ የተረፈ የዋንዛ ሳንቃ በር በእናቱ ግቢ ተደግፎ መኖሩን ነገረን። ሄድን።

«በሩን ለምን ፈለጋችሁት? ቤት ልትሠሩ ነው?» አሉን እናቱ።

«ጊታር ልናሠራበት ነው፣ እትዬ።»

ሳቁ፤ ወዲያው ግን ዝም አሉ። የበሩን ጠርዝ በእጃቸው እየዳበሱ፣ «አባቴ በመጥረቢያ የጠረበው ነው። ብታበላሹት ሌላ የለኝም» አሉ። ውሰዱም አትውሰዱም አላሉንም። ልጃቸውን አንሡ ያሉት ሻይ ከጠጣን በኋላ ነው።

አናጢው በጣቱ አንኳኳው፤ አሸተተው። «ይህ እናንተ ሳትወለዱ ደርቋል» አለን። ውፍረቱን ቢለካው ከሚያስፈልገን 4.5 ሳንቲ ሜትር ይተርፋል። የቸገረን የመወርወሪያው ቀዳዳ ነው፤ ከክሮቹ ሥር እንዳይውል የጊታሩን ቅርጽ በእርሳስ ሦስት ጊዜ ሥለን ሦስት ጊዜ አጠፋን። ቅዳሜ ይቆረጣል። እትዬም ቆመው ሊያዩ እንደሚመጡ ልከውብናል።