ሐይቁ እዚያ ማዶ፣ እኛ እዚህ ማዶ

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ባሕር ዳር ሄዶ ጣናን ሳያይ የሚመለስ ሰው ታውቃላችሁ? «የት ተደርጎ!» እንደምትሉኝ አልጠራጠርም። እኔ ግን እዚያው ባሕር ዳር እየኖረች ሐይቁን ካየች ወራት ያለፋት ሴት አውቃለሁ። አክስቴ ናት። ከደጃፏ እስከ ውኃው ሦስት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። ታዲያ ምን ያዛት? መንገዱ!

ባለፈው ሰሞን ለጥቂት ቀናት እሷ ዘንድ ከርሜ ነበር። መቼም ባሕር ዳርን የማይወድ የለም። ዘንባባው ግራና ቀኝ ተሰልፎ፣ ብስክሌቱ ሽው እያለ፣ ማታ ማታ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ፊትን ሲዳስስ... የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ እዚያ ሲደርስ ፍቅር ይይዘዋል። ጠዋት ደግሞ ከደንገል የተሠራችው ታንኳ ውኃው ላይ ስትንሳፈፍ ማየት ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አክስቴ ቡና አፍልታ ጎረቤቱ ተሰበሰበ። ወሬው ዞሮ ዞሮ የሐይቁ ዳር መንገድ ላይ አረፈ። ይስፋ ወይስ አይስፋ? ጎበዝ፣ ስኒው እስኪንቀጠቀጥ ነበር ክርክሩ!

«መስፋት አለበት!» አለ ባጃጅ የሚነዳው ወጣት። «ስለጠበበ እኮ ነው የምንጋፋው። እግረኛውም አስፋልት ላይ ነው የሚሄደው፤ የኛ ጥፋት ነው?» ባለሱቁ ደገፈው። መንገድ ሲሰፋ ገበያ ይመጣል ባይ ነው። እውነቱን ልናገርና እኔም አብሬ ራሴን ነቀነቅሁ። የሰፋ መንገድ የማይወድ ወጣት አለ እንዴ?

አንዲት እናት ግን ቆጣ አሉ። «እግረኛው አስፋልት የወረደው ወዶ ነው? የእግረኛ መንገዱ ላይ ዕቃ ተደርድሮበታል፣ መኪና ቆሞበታል። ልጆቼ በየት ይሂዱ?» ባለሱቁ ዝም አለ። ከሱቁ ደጃፍ የተደረደረውን ጀሪካን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ይሄኔ ጡረታ የወጡ አንድ መምህር ስኒያቸውን አስቀመጡና ሒሳብ ጀመሩ። «በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል። እንደኔ ያለ ሽማግሌ በሴኮንድ አንድ ሜትር ከተራመደ ተመስገን ነው። 7 ሜትር መንገድ ለመሻገር 7 ሴኮንድ እፈልጋለሁ። በዚያ ጊዜ መኪናው 100 ሜትር ያህል ይመጣል። መንገዱን 14 ሜትር ብታደርጉትስ? 200 ሜትር ርቆ ያለውን መኪና ማየት ሊኖርብኝ ነው። ዓይኔ ደግሞ እዚያ አይደርስም።»

ቤቱ ጸጥ አለ። አክስቴ ብቻ ከረከቦቷ ቀና ብላ፣ «እኔማ ከተሻገርኩ ስንት ጊዜዬ!» አለች።

በማግሥቱ እጇን ይዤ ወጣሁ። ዜብራው ደብዝዟል። አንድ እግሯን ስታወርድ ክላክስ፣ ስትመልስ ሌላ ክላክስ። ሦስት ጊዜ ሞክረን ሦስት ጊዜ ተመለስን። «ተወው ልጄ፣ እንመለስ» አለችኝ። በመጨረሻ ያቆመልን ማን መሰላችሁ? ያ የትናንቱ ባለባጃጅ! መሀል መንገድ ላይ ቆሞ፣ ከኋላው የሚጮኸውን ሁሉ በእጁ ያዝ አደረገልን።

ሐይቁ ዳር ስትደርስ አክስቴ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች። ብዙ አልተናገረችም። «ሽታው ናፍቆኝ ነበር» ብቻ አለችኝ።

ወገኖቼ፣ እኔ መንገድ አይስፋ አልልም። ግን መስፋት ያለበት መጀመሪያ የእግረኛው ነው። ከዚያ መኪናው ፍጥነቱን እንዲቀንስ የሚያስገድድ ጉብታ፣ መንገዱ ሰፊ ከሆነም ሽማግሌ መሀል ላይ ቆሞ ትንፋሽ የሚሰበስብበት አካፋይ ያስፈልጋል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሴኮንድ የሚጓዘው 8 ሜትር ገደማ ነው። ልዩነቱ የሰው ነፍስ ነው። አዲስ አበባ ላይ በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ አንዳንድ ጎዳናዎች ለጥቂት ሰዓታት ለመኪና ሲዘጉ ልጆች አስፋልቱ ላይ ኳስ ሲጫወቱ አይተናል። መንገድ የሰውም መሆኑን ያን ቀን ያልተረዳ አልነበረም።

እናንተ ወጣቶች፣ መንግሥት እስኪሠራው አትጠብቁ። መሪ ስትጨብጡ ዜብራው ላይ ቁሙ። ታክሲ ውስጥ ስትሆኑ «ቀስ በል» ማለት አትፈሩ። ሱቅ ካላችሁ ጀሪካናችሁን ከእግረኛው መንገድ አንሡ። አክስት ያላችሁ ደግሞ እሑድ እሑድ እጇን ይዛችሁ አሻግሯት።

የኔዋ ይኸው ስልክ በደወልኩ ቁጥር «መቼ ነው የምትመጣው?» ትለኛለች። ናፍቆቷ ለኔ ይሁን ለሐይቁ እንጃ!